እሬት በቤት ውስጥ

እሬት ውኃውን በቅጠሉ ውስጥ የሚያጠራቅም ተክል ነው። አንዱን ወፍራም ቅጠል በስለት አግድም የቆረጠ ሰው ሦስት ነገር ለያይቶ ያያል፤ በውጭ በኩል ጠንካራ አረንጓዴ ልጣጭ፣ ከልጣጩ ሥር ወዲያው መንጠባጠብ የሚጀምር ቢጫ ፈሳሽ፣ በመካከል ደግሞ ውኃ እንደጠጣ ተልባ የሚዝለገለግ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሥጋ። «እንደ እሬት መረረኝ» የሚያሰኘው ቢጫው ፈሳሽ ነው። መካከለኛው ሥጋ ከመቶው 98 እጅ በላይ ውኃ ነው። ዝናብ ሲርቅ ተክሉ ከዚህ ጎተራ እየቀነሰ ይኖራል። በቤት ውስጥ ከሚያዙት ዕፅዋት መካከል ብዙ እንክብካቤ የማይጠይቅ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ቤት ውስጥ የሚሞት እሬት በአብዛኛው ተረስቶ አይሞትም፤ ውኃ በዝቶበት ይሞታል።

የሚከተለው ምክር የዘንዘልማን አየርና አፈር መነሻ ያደርጋል። ዘንዘልማ ከባሕር ዳር የአባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የአካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ ግቢም እዚያው ነው። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲኖረው፣ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም እሬትን የሚገድል ውርጭ አይደርስም። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ይበረታል። ለእሬት አያያዝ ይህ የወቅት ልዩነት ከሁሉ በፊት መታወቅ አለበት። ከውጭ አገር የሚመጡ መጻሕፍት «በክረምት ውኃ ቀንሱ» ሲሉ በረዶ የሚጥልበትን የታኅሣሥና የጥር ክረምት ማለታቸው ነው። በጣና ዳርቻም ምክሩ ይሠራል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የጣና ዳር ክረምት ደመናው ከባድ፣ አየሩም እርጥብ ስለሆነ አፈር ቶሎ አይደርቅም።

እሬት የሚተነፍስበት ሥርዓትም ከብዙ ዕፅዋት ይለያል። አብዛኞቹ ዕፅዋት ምግባቸውን የሚሠሩበትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስገባት በቅጠላቸው ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ይከፍታሉ፤ በተከፈቱ ቁጥርም ውኃ በትነት ያጣሉ። እሬት ፀሐይ ስትበረታ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ሌሊት፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ይከፍታቸውና የገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሊክ አሲድ አድርጎ ያሳድረዋል፤ ሲነጋ ቀዳዳውን ዘግቶ ያደረውን አሲድ በፀሐይ ብርሃን ይጠቀምበታል። የእንዳሁላ ዘመድ የሆነ ተክል ቅጠል ማለዳ ሲቀመስ ይመጥጥ እንደነበረና ቀኑ በገፋ መጠን ኮምጣጣነቱ እንደሚጠፋ ቤንጃሚን ሄይን የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ሕንድ ውስጥ አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ1815 አሳውቆ ነበር። እሬትም የሚኖረው በዚሁ ስልት ነው። ቀኑን ሙሉ ቀዳዳውን ዘግቶ የሚውል ተክል ከሥሩ የሚስበው ውኃ ጥቂት ነው፤ በየማለዳው የሚጠጣው ቢሰጠው አይጨርሰውም።

በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች ይበቅላሉ፤ አብዛኞቹም ከዚህ አካባቢ ሌላ የትም አይገኙም። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ኖርዌያዊቷ ኢንገር ኖርዳል እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው መጽሐፋቸው እነዚህን ዝርያዎች በዝርዝር አቅርበዋል። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎና በሸዋ ገደሎች ላይ ተንጠልጥሎ የሚያብብ አንድ እሬት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ለሳይንስ ሲመዘገብ በላቲን «እጅግ ውብ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ስሙ ይገባዋል። ከደብረ ብርሃን ስሙን ያገኘው ሌላው ዝርያ ደግሞ በደጋው ሜዳ ላይ ቀይ አበባውን ዘርግቶ ይታያል። እነዚህ የዱር እሬቶች ገደልና ሜዳ የለመዱ ስለሆኑ ቤት ውስጥ እምብዛም አይመቻቸውም። ተነቅለው ሲመጡ የሚጎዳው ተክሉ ብቻ አይደለም፤ የተነቀሉበት ገደልም ይራቆታል። ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ከአሎቬራ በቀር የእሬት ዝርያዎችን በሙሉ በጥበቃ ዝርዝሩ አስገብቶ ድንበር ተሻጋሪ ንግዳቸውን ይቆጣጠራል።

ለቤት የሚስማማው አሎቬራ ነው። የትውልድ ቦታው የአረቢያ ልሳነ ምድር ሲሆን በሰው እጅ በመላው ዓለም ተሠራጭቷል። ቅጠሉ ወደ ላይ የቆመ፣ ግራጫ የነካው አረንጓዴ፣ ጠርዙ በትናንሽ ጥርሶች የታጠረ ነው። በልጅነቱ ነጫጭ ነጠብጣብ ይኖረዋል፤ አበባው ቢጫ ነው። ከእናቱ ሥር ቡቃያ እያወጣ ስለሚበዛ ከጎረቤት አንድ ልጁን መለመን ይበቃል፤ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ከመትከል በፊት የሚታሰበው ቦታው ነው፤ እሬት የውኃን እጥረት እንደሚችል የብርሃንን እጥረት አይችልም። ከመስኮት ርቆ ጥግ ላይ ወይም ቴሌቪዥን አጠገብ የተቀመጠ እሬት ለወራት ደህና ይመስላል። ከዚያ ቅጠሎቹ እየቀጠኑና እየረዘሙ ብርሃን ፍለጋ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ፤ መካከሉም ይላላል። ቤቱ ጨለማ ከሆነ፣ አንድ መስኮት ብቻ ኖሮት እሱም ወደ ጎረቤት ግድግዳ የሚያይ ከሆነ፣ እሬትን ከማሰቃየት ይልቅ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ሳንሴቬሪያን መያዝ ይሻላል። እሱም ውኃ ቆጣቢ ነው፤ ጥላውን ደግሞ ከእሬት በተሻለ ይችላል።

መስኮቱ ወደየት እንደሚያይ ማወቅ በዘንዘልማ የተለየ ትርጉም አለው። ቦታው ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ11 ዲግሪ ተኩል ትንሽ አለፍ ይላል። በዚህም የተነሳ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ፣ እኩለ ቀን ላይ ልክ በአናት ላይ ትውላለች። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ባሉት ወራት በእኩለ ቀን በጥቂቱ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀረው የዓመቱ ክፍል በደቡብ በኩል ናት። እንግዲህ ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ የጠገበ የደቡብ መስኮት ከግንቦት ጀምሮ ቀጥተኛ ፀሐይ ያጣል። በዚያ ላይ የክረምቱ ደመና ይጨመርበታል። በጥር አምሮበት የነበረ እሬት በነሐሴ ሲቀጥን ባለቤቱ ግራ ይጋባል፤ ተክሉን አንዲት ጋት አላንቀሳቀሰውምና። ተክሉ ባለበት ነው፤ የራቀችው ፀሐይ ናት።

ከሁሉም የሚሻለው የምሥራቅ መስኮት ነው። የማለዳ ፀሐይ ለስላሳ ከመሆኗም በላይ በዓመቱ ውስጥ ብዙ አትለዋወጥም። በምዕራብ በኩል ያለ መስኮት በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ይግላል፤ ቆርቆሮ ጣሪያው ዝቅ ባለ ቤት ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ ይብሳል፤ ስለዚህ በእነዚያ ወራት ተክሉን ከመስታወቱ አንድ ክንድ ያህል ማራቅ ያስፈልጋል። ጥላ የለመደ እሬት በአንድ ቀን ወደ ፀሐይ ከወጣ ቅጠሉ ይቀላል፤ ሲብስም እንደተጠበሰ ይደርቃል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት፣ በማግሥቱ ከዚያ ትንሽ ረዘም እያለ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለማመዳል። በሳምንት አንድ ጊዜ ማሰሮውን ሩብ ዙር ማዞር ተክሉ ቀጥ ብሎ እንዲያድግ ይረዳል።

አፈሩ ውኃ ቶሎ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። በባሕር ዳር ዙሪያ ሁለት ዓይነት አፈር በብዛት ይገኛል፤ ቀዩ አፈርና ጥቁሩ ዋልካ። ዋልካ ለጤፍና ለጓያ መልካም ነው፤ ለእሬት ግን መቃብር ነው። ሲርስ ያብጥና አየር ያሳጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ሥር ይበጥሳል። ቀዩ አፈርም ብቻውን በማሰሮ ውስጥ ይጠጥራል። የሚመከረው አንድ እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የታጠበ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደግሞ በግንባታ ቦታ «ሬድ አሽ» የሚባለው፣ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተሰባብሮ ነው። የሽንብራ ፍሬ የሚያክለው ስባሪ ይበቃል። በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ከተገኘ አንድ እፍኝ ይታከልበታል። ድብልቁ ረጥቦ በጭብጥ ሲጨመቅና እጅ ሲከፈት ወዲያው ከፈረሰ ደህና ነው። እንደ ጭቃ ከተያያዘ አሸዋና ድንጋይ ይጨመርለታል።

ማሰሮው ያልተቀባና ያልተወለወለ ሸክላ ቢሆን ይመረጣል፤ ግድግዳው ራሱ እርጥበት ስለሚያተን አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። ለሁለት የተቆረጠ የዘይት ጀሪካንም ሆነ ጣሳ ያገለግላል። የሚጠየቀው ነገር አንድ ነው፤ ከታች ቀዳዳ መኖሩ። በጋለ ሚስማር አራትና አምስት ቦታ የተበሳ ጀሪካን ቀዳዳ ከሌለው ውድ የሴራሚክ ማስቀመጫ ይበልጣል። ብዙ ሰው ከቀዳዳው ፈንታ ከታች ጠጠር ይደረድራል። ይህ አይሠራም፤ ውኃው መውጫ ስለሌለው በጠጠሩ መካከል ተኝቶ ከላይ ያለውን አፈር እርጥብ አድርጎ ያቆየዋል። የማሰሮው ስፋት ከተክሉ ሥር ሁለት ጣት ያህል ብቻ ሰፋ ቢል ይበቃል። ትልቅ ማሰሮ ውስጥ የተተከለ ትንሽ እሬት ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ ይቆይበታል።

ወደ ውኃው ሲመጣ መለኪያው የቀን ቁጥር ሳይሆን አፈሩ ነው። እናቶች ዳቦ መብሰሉን በስንጥር እንደሚፈትኑት ሁሉ፣ ቀጭን የእንጨት ስንጥር በማሰሮው ጠርዝ በኩል እስከ ታች ይሰካና ጥቂት ቆይቶ ይወጣል። እርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ ወይም ጫፉ ጠቆር ካለ ውኃ አያስፈልግም። ደርቆና ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ጊዜው ደርሷል። የላዩን አፈር በጣት መንካት ያሳስታል፤ ላዩ በሁለት ቀን ሲደርቅ ሥሩ ያለበት ግን ገና ጭቃ ሊሆን ይችላል። ከጥቂት ወራት ልምድ በኋላ ስንጥሩም ይቀራል፤ ማሰሮውን በአንድ እጅ ከፍ አድርጎ ክብደቱን መመዘን ይበቃል። የጠጣ ማሰሮና የደረቀ ማሰሮ በእጅ ላይ ልዩነታቸው ግልጽ ነው።

ሲጠጣ በደንብ ይጠጣ። ውኃው በቅጠሎቹ መካከል ሳይሆን አፈሩ ላይ፣ ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ ይፈስሳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከሥሩ በተቀመጠው ሳህን ውስጥ የተጠራቀመው ይደፋል። በየቀኑ አንዲት ሲኒ ውኃ ጠብ ማድረግ የላዩን ብቻ ያረጥባል፤ ሥሩም ወደ ታች መውረዱን ትቶ ወደ ላይ ይወጣል። ከጥቅምት እስከ ጥር በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በአሥር ወይም በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ፣ በክረምት በወር አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ ባነሰ ማጠጣት ለመነሻ የሚሆን ግምት ነው። የመጨረሻው ቃል የስንጥሩ ነው። በሐምሌ አንድም ጊዜ ሳይጠጣ የከረመ እሬት ነሐሴን ደህና ሆኖ ይገባል።

ከቡና በኋላ በጀበናው የቀረውን አተላና የሲኒ እጣቢ ማሰሮው ላይ መድፋት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ቸርነት ይመስላል፤ ለእሬት ግን ጉዳት ነው። አተላው የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ስኳሩ ጉንዳንና ትንኝ ይጠራል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቡና በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ በሚፈላበት ቤት ተክሉ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይጠጣል። ለማሳ የመጣ ዩሪያም ለዚህ ማሰሮ አይሆንም፤ አንዲት ቁንጥር ብትበዛ ሥሩን ታቃጥላለች። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ አንድ እፍኝ ኮምፖስት ከበቂ በላይ ነው።

ውኃ ሲበዛ እሬት የሚሞትበትን መንገድ መረዳት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ሥርም ይተነፍሳል። ኦክስጅን የሚያገኘው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ካለው ባዶ ቦታ ነው፤ ቦታውን ውኃ ሲይዘው ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። በሞተው ሥር ላይ የሚያበሰብሱ ተዋሲያን ይሠፍሩበታል። ሥሩ የበሰበሰ ተክል ውኃ በተሞላ አፈር ውስጥ ቆሞ ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሎቹ ይቀጥናሉ፤ ይልፈሰፈሳሉ። ባለቤቱ ሲያየው የጠማው ይመስለዋል፤ አዝኖም ይጨምርለታል። የተጠማውንና የበሰበሰውን መለየት ግን አይከብድም። የተጠማ እሬት ቅጠሉ ይሳሳል፣ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ሲነካ ግን ጠንካራ ነው፤ አፈሩም ደረቅ ነው። የበሰበሰው ከታች፣ ከግንዱ አጠገብ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ይለሰልሳል፤ ሲጫኑት ይበሳል፤ ይሸታል። እንዲህ ያለው ተክል በቶሎ ከማሰሮው ወጥቶ አፈሩ ይራገፋል፤ የጠቆረውና የላመው ሥር በንጹሕ ቢላ ይቆረጣል። ከዚያ ጥላ ባለበትና አየር ባለበት ቦታ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ሳይተከል ይቆያል። ቁስሉ ሲደርቅ በአዲስ ደረቅ አፈር ይተከላል። ተክሉ ለአንድ ሳምንት ከአፈር ውጭ መቆየቱ አያሳስብም፤ ቅጠሉ ስንቁ ነው።

ተባይ ብዙ አያጠቃውም። አንዳንድ ጊዜ በቅጠሎቹ ብብት ውስጥ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ይታያል፤ ጭማቂ የሚመጥ ተባይ ነው። በአልኮል በተነከረ ጥጥ አንድ በአንድ ተጠርጎ በሳምንቱ ድጋሚ ሲታይ ያልቃል። ጉንዳኖች ከተባዩ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚፈልጉ ይንከባከቡታል፤ በማሰሮው ላይ የጉንዳን ጉዞ ሲታይ ቅጠሎቹን ገለጥ አድርጎ መፈተሽ ተገቢ ነው። አቧራ የጠጣ ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ አቧራው ብርሃን ይከለክላል።

ለመድኃኒትነቱ ሲባል እሬትን የሚይዝ ቤት ብዙ ነው። ጥርት ያለው ሥጋ እሳት ጫር ያደረገውን ቀላል ቃጠሎ ያቀዘቅዛል፤ ቁስሉ በቅድሚያ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ይታጠባል። ውኃ የቋጠረ ሰፊ ቃጠሎ፣ እንዲሁም የሕፃን ቃጠሎ፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ነው። የተቆረጠው ቅጠል ከመከፈቱ በፊት ቢጫው ፈሳሽ እንዲወርድለት ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ቁልቁል ይቆማል። ቢጫው ፈሳሽ አሎይን የተባለ ብርቱ የሚያስቀምጥ ንጥረ ነገር አለበት። እርጉዝ ሴት፣ ሕፃን፣ ድመትና ውሻ ሊቀምሱት አይገባም። ጡት ለማስጣል እናቶች በጡታቸው ጫፍ ላይ የሚቀቡት ይኸው ፈሳሽ ስለሆነ የሕፃኑን ሆድ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ጡትን ቀስ በቀስ መቀነስ ለልጁ ይሻላል።

እሬት የቤቱን አየር ያጠራል የሚለው ወሬ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1989 የናሳ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ነው። ሙከራው የተደረገው በትንሽ የታሸገ ሳጥን ውስጥ ነበር። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ግምገማ፣ በእውነተኛ ቤት መስኮትን ከፍቶ አየር ማስገባት የሚሰጠውን ጥቅም በዕፅዋት ለመተካት ቢያንስ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል አሥር ማሰሮ መደርደር እንደሚያስፈልግ አስልቷል። መስኮት መክፈቱ በከሰል ለሚያበስልና ለሚሞቅ ቤት የሕይወት ጉዳይ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል እሳት የሚያመጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የትኛውም ተክል አይመክተውም። መስኮቱ ይከፈት፤ ከሰሉ ከመኝታ በፊት ይውጣ።

እሬት ከማሰሮው ዘልሎ አካባቢውን የሚወር ተክል አይደለም። በጣና ዳርቻ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታወቀው እንቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በአበባው ውበት በሰው እጅ ተወስዶ ነው። ከቤት የተሰለቸ ጌጠኛ ተክል ወደ ሐይቁም ሆነ ወደ ረግረጉ አይጣልም፤ ለጎረቤት ይሰጣል ወይም ደርቆ ይቃጠላል።

በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ማሰሮው በእሬት ልጆች ይሞላል። የሚለያዩበት ጥሩ ጊዜ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ ቆሟል፣ ብርሃኑ ተመልሷል። ልጁ አራትና አምስት ቅጠል ካወጣና የራሱን ሥር ከያዘ ደርሷል። ማሰሮው ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ሳይጠጣ ይቆያል፤ ተክሉ በሙሉ ተገልብጦ ይወጣል፣ አፈሩ በእጅ ይራገፋል፣ ልጁ ከእናቱ ጋር የተያያዘበት ቦታ ተፈልጎ በንጹሕ ቢላ ይለያል። ቅጠል ብቻ ቆርጦ መትከል፣ ለእንዳሁላ እንደሚሠራው፣ ለእሬት አይሠራም፤ ሥር ከማብቀሉ በፊት ይበሰብሳል። የተለየው ልጅ ሁለትና ሦስት ቀን በጥላ ቆይቶ ቁስሉ ይደርቃል። ከዚያም በደረቅ አፈር፣ ቅጠሎቹ ከአፈሩ በላይ ሆነው ይተከላል። የመጀመሪያውን ውኃ የሚያገኘው ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው።